ስለ አሮጌ ትራክተር ብልጭታና ስለ ክረምት ርጥበት

እርሻ ጊዜውን ካሳለፉት የማይመለስ ሥራ ነው። ዘር በወቅቱ ካልተዘራ ያለፈውን ዝናብ መልሶ የሚጠራ የለም፤ በሐምሌ የጠፋችው አንዲት ሳምንት በመኸር ጊዜ በጎተራው ውስጥ ጉድለት ሆና ትገኛለች። እንዲህ ሲሆን፥ ሥራ በሚበረታበት በዚያው ወራት፥ አሮጌው ትራክተር አልነሣም ብሎ በሜዳ ይቆማል። ሹሙም «ሞተሩ ሞቷል» ብሎ ለበላዩ ይጽፋል፤ ደብዳቤው መልስ እስኪያገኝ ድረስ የዘር ጊዜ ያልፋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሞተሩ አልሞተም፤ ርጥበት ብልጭታውን ሰርቆት ነው እንጂ።

በአዲስ አበባ ደቡብ ያለው ለቡ መብራት ኃይል ዛሬ ቤትና መንገድ የበዛበት የከተማ ሰፈር ሆኗል። ከዚያ ተነሥቶ በሰበታ በኩል ወደ በቾ ሜዳ የወረደ ሰው ግን ጤፍ የሚዘራበትን ጥቁር አፈር ያገኛል። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ ጎማ ይይዛል፤ ለማረስ የሚመች ቀኑም ጥቂት ነው። ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋትም ብረቱ ሁሉ ጠል ለብሶ ያድራል። በእንዲህ ያለ አገር መሣሪያን ከርጥበት መጠበቅ ከማረስ ተለይቶ የሚታይ ሥራ አይደለም።

አስቀድሞ የሞተሩን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በናፍጣ የሚሠራው ሞተር አየሩን በብርቱ አምቆ በማጋል ነዳጁን ስለሚያቀጣጥል ብልጭታ አያሻውም። በቤንዚን የሚሠራው ግን ያለ ብልጭታ አይነሣም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1946 እስከ 1956 ድረስ በእንግሊዝ አገር ከ5 መቶ ሺህ በላይ የተሠራው ትንሹ ፈርጉሰን አብዛኛው ከዚህ ወገን ነበረ።

በእንዲህ ያለው ሞተር ቦቢና የሚባለው ዕቃ የባትሪውን 6 ወይም 12 ቮልት ተቀብሎ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ያደርሰዋል፤ ዲስትሪቢዩተሩ ለየካንዴላው በተራ ያካፍለዋል፤ ካንዴላውም በሞተሩ ሆድ ውስጥ ብልጭ ያደርገዋል። ከዚህም በፊት በነበሩት በብዙዎቹ ትራክተሮች ይህን ሁሉ ያለ ባትሪ የሚሠራው ማግኔቶ ነበረ። ይህን ያህል ጉልበት ያለው ኤሌክትሪክ ዘወትር ቀላሉን መንገድ ይፈልጋል። ደረቅና ንጹሕ ክዳን ያግደዋል፤ ጠል የወረደበት፥ አቧራና ዘይት የለበሰ ክዳን ግን መንገድ ይከፍትለታል። ስለዚህ ኃይሉ ካንዴላው ዘንድ ሳይደርስ በክዳኑ ላይ ተንሸራትቶ በሞተሩ ብረት ይጠፋል። ይህም ሲደጋገም እንደ ፀጉር የቀጠነ የከሰል መስመር በክዳኑ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ በበጋም ቢሆን ሞተሩ ይታወካል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የደጋው አየርም የራሱ ችግር አለው። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተሩ ለዚህ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፤ ካንዴላውም ጥቀርሻ ይለብሳል። ጥቀርሻና ርጥበት ከተገናኙ ብልጭታ አይገኝም።

እንግዲህ ነጂው ሞተሩን ከመፍታቱ በፊት በቅደም ተከተል ይመርምር። በመጀመሪያ፥ ቤንዚን እስከ ካርቡሬተሩ መድረሱን፥ ውሃም በታች አለመተኛቱን ይይ። ሁለተኛ፥ የባትሪውን ራሶች ከዝገት አጽድቶ አጥብቆ ይሰር። ሦስተኛ፥ አንድ ካንዴላ ፈትቶ ከሽቦው ጋር እንዳለ በሞተሩ ብረት ላይ ያስጠጋ፤ የፈሰሰ ቤንዚን በአጠገቡ አለመኖሩን አረጋግጦ ሞተሩን ያዙር። ብልጭታው ሰማያዊና ወፍራም ከሆነ ጥፋቱ በሌላ ስፍራ ይፈለግ፤ ቢጫና ቀጭን ከሆነ ወይም ከነጭራሹ ከጠፋ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍቶ ውስጡንና ውጭውን፥ ሽቦዎቹንም ሁሉ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ይወልውል። በክዳኑ ላይ ስንጥቅ ወይም የከሰል መስመር ከተገኘ መለወጥ እንጂ መጥረግ አይበቃም። ከዚያ በኋላ ፕላቲን የሚባሉት የሚገናኙት ነጥቦች ይጽዱ፤ ክፍተታቸውም ሠሪው በመጽሐፉ እንዳዘዘው ይለካ። ቦታው ያልታወቀ ጥፋት ካለ ሲመሽ በጨለማ ሞተሩን ቢያዞሩት በሽቦው ላይ የሚሮጠው ብልጭታ ራሱን ይገልጣል።

ክዳን ለማድረቅ ብሎ እሳት ማስጠጋት ሰውንም መሣሪያንም የሚያጠፋ ድፍረት ነው፤ ፀሐይና ጨርቅ ይበቃሉ። በማኑቬላ የሚያስነሣ ሰውም አስቀድሞ ማርሹ መውጣቱን ይይ፤ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርጎ ወደ ላይ ይሳብ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመታ ክንድ ይሰብራልና።

ይህ የመካኒክ ነገር ነው፤ ለአስተዳዳሪ ምኑ ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጨርቁን የሚይዘው ነጂው ቢሆንም ጣራውን የሚያሠራው፥ ገንዘቡን የሚፈቅደው፥ ቀኑንም የሚቈርጠው ሹሙና ባለ እርሻው ነው። ገበሬ ለበሬው ጋጥ ይሠራል፤ በክረምት ከዝናብ ያስጠልለዋል፤ ሲታመምም ሳይውል ሳያድር ይመለከተዋል። ብዙ በሬ የሚገዛ ገንዘብ የወጣበትን ትራክተር ግን በሜዳ ዝናብ ሲመታው አይቶ ማለፍ ልማድ ሆኗል። ከቆመም በኋላ አንዱ ካንዴላውን፥ ሌላው ባትሪውን እየወሰደ በሁለት ክረምት አጽሙ ብቻ ይቀራል። በአንድ ክንድ ጨርቅ ይድን የነበረው መሣሪያ እንዲህ ሆኖ የሕዝብ ኪሣራ ይሆናል።

የሚሻለው መንገድ ግልጥ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። ምርመራው በሐምሌ ሳይሆን በግንቦት ይደረግ። ከሰኔ በፊት ለእያንዳንዱ ትራክተር የቆርቆሮም ሆነ የሣር ጣራ ይሠራለት። አንድ ትርፍ ክዳን፥ ጥቂት ካንዴላዎችና ሽቦዎች በቁልፍ ተጠብቀው ይቀመጡ። ነጂው የታየውን ጥፋትና የተደረገውን ጥገና በመዝገብ ይጻፍ። መሣሪያው ሲቆም ነጂውን አስቀድሞ መውቀስ አይገባም፤ ጣራ የተነፈገው እርሱ አይደለምን? በጊዜ የመረመረውና የጻፈው ግን ሊመሰገንና ሊሸለም ይገባዋል።

ናፍጣ ብልጭታ አያሻውምና አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት ይሻላል የሚሉ አሉ። ነገሩ ከፊል እውነት ነው፤ አዲስ የሚገዛ ናፍጣውን ይምረጥ። ነገር ግን የናፍጣው ባትሪና ሽቦም በርጥበት ይዝጋል፤ በየወንዙ ዳር አትክልት የሚያጠጡት ትንንሽ የቤንዚን ፓምፖችም በዚያው በካንዴላ ይነሣሉ። ጣራና ጨርቅ የነፈገ ሰው አዲሱንም በጥቂት ክረምት አሮጌ ያደርገዋል።

ስለዚህ በሚመጣው ክረምት «ሞተሩ ሞቷል» የሚል ደብዳቤ የሚፈርም ሹም አስቀድሞ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ክዳኑ ተከፍቶ ተወልውሏል ወይ? አልተወለወለም ከተባለ ብዕሩን አስቀምጦ ጨርቁን ያዝዝ። ዝናቡ ቆሞ አይጠብቀውምና።