የሞላለት ቤት በሽታ ብቻ አይደለም

ምግብ አልቀምስ ስላለች ወይም የበላችውን ተደብቃ ስለምታስመልስ ልጅ ወሬ ሲነሳ፣ እዚህ አሜሪካ ባለነው ሐበሾች ዘንድ ደጋግሜ የምሰማው ፍርድ «ጥጋብ ነው፤ የፈረንጅ ልጆች ቅብጠት» የሚል ነው። ይህ አባባል ልጆቻችንን እየጎዳ ስለሆነ ሰምቼ ማለፍ አልችልም።

ሐሳቡ ግን ከባዶ አልተነሳም። ሒልደ ብሩክ የተባለችው የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው ታዋቂ መጽሐፏ የገለጸቻቸው ታማሚ ልጃገረዶች በአብዛኛው የደህና ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው መክፈል የቻለ ነው። የደኻ ልጅ መዝገብ ላይ ስላልሰፈረ ጤነኛ ነው ተባለ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ከተማ የምግብ እርዳታ የሚቀበሉ ከ500 በላይ አዋቂዎችን ጠይቆ ነበር። የምግብ እጥረቱ ከሁሉ የጠናባቸው፣ ልጆቻቸው ጭምር የሚራቡባቸው ናቸው፤ ከእነዚህ 17 በመቶው ሐኪም ሊያየው የሚገባ የአመጋገብ መዛባት ታይቶባቸዋል። በሚኒሶታ ታዳጊዎች ላይ በተደረገ ጥናትም፣ ገቢው አነስተኛ በሆነ ቤት የምግብ እጥረት ራስን መግታት እስኪያቅት አብዝቶ ከመብላት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

ፉድ ስታምፕ የሚባለው የመንግሥት የምግብ ድጎማ የሚገባበትን ቀን በቃሉ የሚያውቅ ልጅ አስቡ። ፍሪጁ በሞላ ሰሞን ጠግቦም ይበላል፤ እንደሚያልቅ ያውቃላ! ወሩ ሲገባደድ ቁርስ ይዘላል፣ ምሳውን ያሳንሳል። ረኀብ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ቀድሞ ታይቷል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ አንሰል ኪስ የተባለው ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለስድስት ወራት ያህል ምግባቸውን በግማሽ ገደማ ቀንሶባቸው ነበር። ሐሳባቸውም ወሬያቸውም ምግብ ሆነ፤ ገደቡ ሲነሳላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ እስኪያማቸው ድረስ በሉ። እነዚያ በፈቃዳቸው የገቡ፣ መጨረሻውን የሚያውቁ ጎልማሶች ናቸው። የ14 ዓመት ልጅ ጥጋብና ረኀብ በየወሩ ሲፈራረቅበትስ?

አንዲት የማውቃት እናት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ትልቋ ልጇ ወጡን አሙቃ፣ እንጀራውን ቆርሳ ታናናሾቿን ታበላና «እኔ ትምህርት ቤት በልቻለሁ» ትላለች። ረቡዕና ዓርብ «ጾም ነኝ» ነው። እንግድነት ሄደው ጉርሻ ሲዘረጋላት ጨጓራዋን ታመካኛለች። እናትየው በልጇ ኮራች፤ ጨዋ፣ ለወንድሞቿ የምታስብ፣ እግዚአብሔርን የምትፈራ። ልጅቷ የጀመረችው በእርግጥም ለታናናሾቿ እንዲበቃ ብላ ነው። ከስታ ስትታይ የክፍል ጓደኞቿ አደነቋት፤ ከዚያ በኋላ ፍሪጁ ሞልቶም መብላት አቃታት። ይህን ጥጋብ የሚል ማን ነው?

ጾሙን አልከስም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቀላለች፤ የንስሐ አባትን ማማከር ይቻላል። እኔን የሚያሳስበኝ እኛ ወላጆች ነን። ያደግንበት ቤት ረኀብን የሚያውቀው ከእጦት ነውና፣ ሌማቱ ሞልቶ የማይበላ ልጅ ሲገጥመን ወይ እንቆጣለን ወይ «ብይ እንጂ» ብለን እንለማመጣለን። እስከ ሐኪም መሄድ አይታየንም።

ሐኪሞቹም ከተጠያቂነት አይድኑም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አባላቱ ቤተሰቡ ምግብ ያጥረው እንደሆነ በምርመራ ጊዜ እንዲጠይቁ ይመክራል። መልካም ነው። «አዎ» የሚል መልስ ሲመጣ ግን የምግብ እርዳታ ቢሮ አድራሻ ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም። እናትየው ውጭ ትቆይና ልጅቷ ብቻዋን ትጠየቅ፤ ምግብ ሲያንስ ማን ሳይበላ እንደሚያድር፣ ሲሞላ ምን እንደምትሆን፣ ከበላች በኋላ ምን እንደሚሰማት። አስተርጓሚ ካስፈለገም ታናሽ ወንድሟ አይሁን።