የጠፋውን መሣሪያ እንደ ገና መሥራት

ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ፋሚኮም የሚባለውን፣ ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ የሚያጫውተውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ፤ በ2003 ደግሞ መሥራቱን አቆመ። ፋብሪካ ሥራውን ሲያቆም የቀረው ዕቃ እያረጀ መሄዱ የታወቀ ነው። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን መሣሪያው በውስጡ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳው ዕውቀት ነው፤ ይህን ኩባንያው በምሥጢር ይዞት ነበርና።

ዕውቀቱን መልሰው ለማግኘት ከደከሙት አንዱ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሚስተር ኬቪን ሆርተን ናቸው። አሮጌውን መሣሪያ በመለኪያ እየመረመሩ፣ እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ምልክት በየትኛው ቅጽበት እንደሚወጣና እንደሚገባ ለብዙ ዓመት አጠኑ። ከዚያም አናሎግ ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን ኤን ቲ ሚኒን፣ በ2018 የወጣውን ሱፐር ኤን ቲን ነደፉ። የጥንቱ የጨዋታ ካሴት እንዳለ ይሰካባቸዋል።

እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት ኤፍ ፒ ጂ ኤ በሚባል ቺፕ ነው። የተራው ቺፕ የውስጥ መስመር በፋብሪካ ተዘርግቶ ያለቀ ሲሆን፣ የዚህኛውን ግን መሐንዲሱ እንደ ፈቀደ ይደለድለዋል። ጥቅሙ ምንድን ነው ያልን እንደ ሆነ፣ የፋሚኮም ዋና ቺፕ በሴኮንድ 1.79 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሲመታ፣ ሥዕሉን የሚያወጣው ቺፕ የዚያን ሦስት እጥፍ ይመታል፤ ሁለቱም የሚሠሩት ባንድነት ነው። የጨዋታ ደራሲዎችም በዚህ ልክ ተማምነው፣ ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች ተስሎ ሳያልቅ በመካከሉ ይለውጡት ነበር። ጊዜው በጥቂቱ ቢዛነፍ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል። ተራ ኮምፒዩተር ይህን በፕሮግራም ሲያስመስል ሥራውን በየተራ ያከናውናል፤ ኤፍ ፒ ጂ ኤ ግን ሁለቱን ባንድ ጊዜ ያስኬዳቸዋል።

ይሁን እንጂ አዲሱ ቺፕ በራሱ ከስሕተት የነጻ ነው የሚሉትን አንቀበልም። መሐንዲሱ ያላወቀውን ቺፑም አያውቀውም፤ በሚገባ የተጻፈ ፕሮግራም በችኮላ ከተነደፈ ቺፕ ይበልጣል።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ብቻ አይምሰል። የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በዚያ አገር ከወጡት ጨዋታዎች ከመቶ 87ቱ በገበያ እንደማይገኙ ገልጿል። የፈጠራ መብት ዘመን በተለምዶ 20 ዓመት ስለ ሆነ፣ በአሮጌው መሣሪያ ላይ የነበረው መብት አልፏል፤ የጨዋታዎቹ የደራሲነት መብት ግን ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል።

የሚስተር ሆርተን ንድፍም ቢሆን ዛሬ የኩባንያው ምሥጢር ነው፤ ምሥጢርን ለመግለጥ የተደከመበት ሥራ ተመልሶ ምሥጢር ሆነ ማለት ነው። በአንጻሩ ሚስተር የተባለው ፕሮጀክት (ስሙ ከማዕረጉ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው) ተመሳሳይ ንድፎችን ለማንም ክፍት አድርጎ አውጥቷል፤ ተማሪም ቢሆን አንብቦ ስሕተት ያገኘ እንደ ሆነ ሊያርመው ይችላል።