ጠመንጃ ሲባርቅ ጥፋቱ የማን ነው?

ሬሚንግተን 700 የተባለው ጠመንጃ የባረቀባቸው አሜሪካውያን አዳኞች ለአሥርት ዓመታት አንድ ነገር ሲናገሩ ኖረዋል፤ ጣታቸው ምላጩን አልነካም። አንዱ የደህንነት ቁልፉን ሲከፍት፣ ሌላው ጥይቱን ሊያወጣ ሲል ነው የተኮሰበት። የሚያምናቸው ግን ጥቂት ነበር። ጠመንጃ ሲባርቅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የያዘው ሰው ነውና።

ሲኤንቢሲ የተባለው ቴሌቪዥን በ2010 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጠመንጃ ያቀረበው የምርመራ ፕሮግራም ብዙ ነቀፋ ደርሶበታል። ጠመንጃውን የሠራው ሬሚንግተን ኩባንያ ዘገባውን ሚዛኑን የሳተ ሲል አጣጣለው፤ አደጋዎቹም በአያያዝ ጉድለት ወይም ባለቤቶቹ ምላጩን በመነካካታቸው የመጡ ናቸው አለ። እኔ ግን ጋዜጠኞቹ ትክክል ሠርተዋል ባይ ነኝ።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ብረቱ ሆድ መግባት ያስፈልጋል። የሬሚንግተኑ መሐንዲስ ማይክ ዎከር በነደፈው ምላጭ ላይ አንዲት ትንሽ ብረት ተለጥፋለች። ከምላጩ ጋር የያዛት ስፕሪንግ ብቻ ነው። መቺውን መርፌ አግዶ የሚይዘው ክፍል የሚያርፈው በእሷ ጠርዝ ላይ ነው። በተተኮሰ ቁጥር ይህች ብረት ከምላጩ ትላቀቅና ተመልሳ ትገጥማለች። በመሃል ቆሻሻ፣ የደረቀ ቅባት ወይም የብረት ብናኝ ከገባ ግን በሙሉ አትመለስም፤ የተቀባበለው ጠመንጃ በጫፍ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያኔ የደህንነት ቁልፉን መክፈት ብቻውን ሊያስተኩሰው ይችላል።

ይህን አደጋ መጀመሪያ ያመለከተው ጋዜጠኛ አይደለም። ሲኤንቢሲ ባሳያቸው የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች መሠረት ዎከር ራሱ በ1946 ሥጋቱን ጽፏል፤ በ1948 ደግሞ ማሻሻያ አቅርቧል። ወጪው በአንድ ጠመንጃ አምስት ሳንቲም ተኩል ነበር። ኩባንያው አልተቀበለውም። ሞዴል 700 በ1962 ገበያ ሲወጣ የያዘው ያንኑ ምላጭ ነው። ዎከር በ98 ዓመቱ በካሜራ ፊት ቀርቦ ተናግሯል። የኩባንያው የገዛ ሰነድ በእጅ ላይ እያለ ዘገባውን ወገንተኛ ማለት እንዴት ይቻላል?

አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙር የሚለውን ደንብ ማንም አይክድም። ሆኖም በ2000 በሞንታና የሆነውን እንመልከት። አንዲት እናት ከአደን ሲመለሱ ጥይቱን ልታወጣ የደህንነት ቁልፉን ከፈተች። ጠመንጃው ተኮሰ፤ ጥይቱ የፈረስ ማጓጓዣውን ተጎታች በስቶ ከወዲያ በኩል የነበረውን የ9 ዓመት ልጇን ገደለው። ቁልፉን ባትከፍት ኖሮ ሊባል ይችላል፤ ግን ከ1982 በፊት የተሠሩት ጠመንጃዎች ቁልፉ ካልተከፈተ ጥይት ማውጣት አይፈቅዱም ነበር። ኩባንያው ይህን አሠራር በ1982 ለአዳዲሶቹ ቀይሮታል። አሮጌዎቹ በየቤቱ ቀሩ። ለዚያች እናት ስለ ጥንቃቄ የሚሰብክ ሰው ልቡ እንዴት እንደሚችል አላውቅም።

በዘገባው የማልስማማበት ነገር አለ። የተጠቀሱት ከ75 ያላነሱ ክሶችና ወደ ሁለት ደርዘን የሚጠጉ ሞቶች እያንዳንዳቸው በምላጩ ምክንያት መሆናቸው በፍርድ የተረጋገጠ አይደለም። ብዙ ሚሊዮን ጠመንጃዎችም ያለ ችግር ሠርተዋል። ይህ ጎላ ብሎ መነገር ነበረበት። ቢነገርም ግን የ1946ቱን ማስታወሻ አይፍቀውም።

ደግሞስ ጋዜጠኛ ዝም ቢል ማን ይናገር ነበር? በ1972 የወጣው የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ሕግ ጠመንጃንና ጥይትን ከሥልጣኑ ውጭ አድርጓል። ሕጉን የሚያስፈጽመው የፌዴራል ኮሚሽን የልጆች መጫወቻ ከገበያ እንዲሰበሰብ ማዘዝ ይችላል፤ ጠመንጃ ግን አይችልም። የቀረው ፍርድ ቤት ነው፤ እዚያም ክሶቹ በስምምነት እያለቁ ሰነዶቹ ከሕዝብ ዓይን ተሰውረው ቆይተዋል። ለዚህ ነው የዘገባው ጩኸት ያስፈለገው።

በኋላ የተገኘውም መፍትሔ ጎደሎ ነበር። በ2006 የመጣው አዲሱ ምላጭ ራሱ፣ ሲገጣጠም ማጣበቂያ በዝቶበት በ2014 ለጥገና እንዲመለስ ጥሪ ተደረገበት። በ2017 ፍርድ ቤት ያጸደቀው የጋራ ክስ ስምምነት፣ ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን፣ ለአብዛኞቹ ጠመንጃዎች ምላጭ በነፃ እንዲቀየር ፈቀደ። የሚመለከተው ወደ 7.5 ሚሊዮን ጠመንጃ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጥያቄ ያቀረቡት 22,000 ያህል ብቻ ነበሩ። የጥያቄ ማቅረቢያው ጊዜ በኤፕሪል 2020 ተዘጋ። ሬሚንግተንም በዚያው ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ ኪሳራ አውጆ ተከፋፍሎ ተሸጠ።

ጠመንጃ ግን ከሠሪው በላይ ዕድሜ አለው፤ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፣ አሮጌ ተብሎ ይሸጣል። ስለዚህ በአደን አገሮች ያሉ ጋዜጦችና ሬዲዮዎች ጉዳዩን እንደ አለቀ ታሪክ መተው የለባቸውም። የአደን ወቅት በገባ ቁጥር የድሮው ምላጭ እንዴት እንደሚለይ፣ የትኛው ጠመንጃ ጠጋኝ እንደሚቀይረውና ዋጋውን ጭምር ያትሙ።