ፍጻሜው ቢነገር ምን ይጎድላል?

አንድ ሰው የወደደውን መጽሐፍ ለሌላው፣ ይልቁንም ዕድሜው ገና ላልጠና ወጣት፣ «ይህን አንብብ» ብሎ ማቅረቡ ከበጎ ሥራ የሚቈጠር ሆኖ ሳለ፣ በዘመናችን የሰውን ልቡና ጭንቀት የሚመረምሩትን ልብ አንጠልጣይ ልቦለዶች የሚያመሰግኑ ብዙዎች ግን፣ ስለ ባለታሪኩ ጠባይ፣ ስለ ድርሰቱ አሠራር፣ ስለ ደራሲው ሐሳብ አንዳች ሳይተነፍሱ «መጨረሻውን ፈጽሞ አትገምተውም፤ ብነግርህ ይበላሽብሃል» ብለው ዝም ማለትን ልማድ አድርገውታል። ይህ ልማድ መጽሐፉንም ወጣቱንም የሚያዋርድ ስለ ሆነ እነቅፈዋለሁ።

አሳታሚዎችም አጽድቀውታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የኢ. ሎክሃርት «ውሸታሞች ነበርን» የተባለው ልቦለድ ለገበያ ሲቀርብ፣ ስለ ፍጻሜው የሚጠይቅ ቢኖር አንባቢው እንዲዋሽ በማስተዋወቂያው ተመክሯል፤ መጽሐፉ ግን በውርስ ክርክር ስለ ተከፋፈለ ባለጸጋ ቤተሰብና ራስ ምታት ስለሚያሠቃያት ልጃገረድ የተሰወረ ትዝታ ብዙ ሊነገርለት የሚገባ ነበር።

የዚህ ልማድ ጠበቆች የሚያቀርቡት ምክንያት ከንቱ አይደለም። ማንበብ የሚሰለቸውን ልጅ ወደ መጽሐፍ የሚያቀርበው ጉጉት ነው ይላሉ፤ እውነትም ጉጉት ያቀርባል። ነገር ግን ልጁ እንዲጓጓ የተደረገው ለመጨረሻው ገጽ ብቻ ነውና፣ በመካከል ያለውን ሁሉ እየዘለለ ይሮጣል፤ ደርሶ ከደነገጠ በኋላም መጽሐፉን ዘግቶ ሌላ የሚያስደነግጥ ይፈልጋል እንጂ ስላነበበው ነገር ቆም ብሎ አያስብም።

የንባብ ደስታ ድንጋጤ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማቱ ሲነበብ ቆሞ የሚያደምጥ፣ ሰምቶም የሚያለቅስ ምእመን ባልተገኘ ነበር፤ የዓርቡን ስቅለትና የእሑዱን ትንሣኤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃልና። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ፍጻሜውን በርእሱ ላይ ተሸክሞ ነው ለአንባቢ የቀረበው፤ ይሁን እንጂ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን አስቀድሞ ያነበበው ሰው ሳይቀር የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ዕጣ እንደ አዲስ ነገር ያዳምጥ ነበር።

እኔ ለወጣት አንባቢ አስቀድሜ የምመርጠው፣ በጋዜጠኝነት ብዙ ዘመን የሠራው አሜሪካዊ ሮበርት ኮርሚየር እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመውን «አይቡ እኔ ነኝ» የተባለውን ልቦለድ ነው፤ ሌሎች እንደ ንዋየ ቅድሳት ሸፍነው የሚጠብቁትንም ፍጻሜ እዚሁ እገልጠዋለሁ። አዳም ፋርመር የተባለ ልጅ፣ ለአባቱ የሚያደርሰውን ጥቅል በብስክሌቱ ቅርጫት ይዞ፣ ከማሳቹሴትስ ወደ ቨርሞንት ይጓዛል፤ በጉዞው ምዕራፎች መካከልም ብሪንት የተባለ ሰው ልጁን ሲመረምረው በቴፕ የተቀዳው ጥያቄና መልስ እየገባ ይነበባል። በፍጻሜው እንደሚገለጠው፣ ጉዞው ልጁ በተዘጋበት ተቋም ግቢ ውስጥ ብስክሌቱን እየነዳ በአእምሮው የሠራው ጉዞ ነው፤ አባቱ በወንጀለኞች ላይ የመሰከረ ጋዜጠኛ ስለ ነበር፣ መንግሥት የቤተሰቡን ስም ለውጦ በሌላ ከተማ ደብቋቸው ኖሯል፤ ኋላም ልጁ ያለ ወላጅ ቀርቷል፤ መጽሐፉም በተጀመረበት ቃል ይዘጋል።

ይህን ያወቀ አንባቢ ያጣው ነገር ቢኖር አንዲት የድንጋጤ ቅጽበት ብቻ ናት። አዳም ከአባቱ ወረቀቶች መካከል በስሙ የተጻፉ ሁለት የልደት ምስክር ወረቀቶች ያገኘበትን ስፍራ ልውሰድ፤ አንደኛው በፌብሩዋሪ 14፣ ሁለተኛው በጁላይ 14 ተወለደ ይላል። ወደ ፍጻሜው የሚቸኩለው ሰው በዚህ ስፍራ እንቆቅልሽ ብቻ አይቶ ያልፋል፤ ፍጻሜውን የሚያውቀው ግን ስሙንም ልደቱንም ባለሥልጣን በወረቀት የሠራለትን ልጅ፣ ሁለቱን ቀኖች እያስተያየ የራሱን ማንነት ሲጠራጠር ያየዋል። እናቱ በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ በድብቅ ስልክ የምትደውልበትም ነገር እንዲሁ ነው፤ ዘመድ የለንም ተብሎ ያደገው ልጅ አክስት እንዳለችው የተረዳው ጥሪውን በስውር አዳምጦ ነውና፣ እናት ለልጇ ስትል የገዛ እኅቷን እንደ ሌለች መቍጠሯ ምን ያህል እንዳደማት የሚሰማው፣ ያ ሁሉ መሸሸግ ከጥፋት እንዳላዳናቸው አስቀድሞ የሚያውቅ አንባቢ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ብሪንት ሊመረመር ይገባዋል። አነጋገሩ ለስላሳ፣ ሁኔታውም የሐኪም ነው፤ ጥያቄዎቹን በጥሞና የተከታተለ ሰው ግን የልጁን ሐዘን አልፈው፣ አባቱ ያውቀው የነበረውን ነገር ብቻ እንደሚያሳድዱ ያስተውላል። አዳም ሊድን ብሎ ያስታውሳል፤ የሚያስታውሰው ግን ለሚያጠፉት ሰዎች ይጠቅማል። እኔ ይህን መጽሐፍ ለወጣቶች እጅግ የሚያስፈልግ ያደረገው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሐኪም ድምፅ ይዞ የሚመጣን መርማሪ ለይቶ ማወቅ ሕይወት ከወጣት የምትጠይቀው ዕውቀት ነውና፤ ይህም በመጨረሻው ገጽ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቴፕ ጀምሮ በግልጥ ተጽፎ ይገኛል።

ኮርሚየር የአዳም ወዳጅ የኤሚ ኸርዝ ነው ብሎ በልቦለዱ ውስጥ ያኖረው ስልክ ቁጥር የራሱ የቤት ቁጥር ነበር፤ ብዙ ወጣቶችም ደወሉለት፣ እርሱም መለሰላቸው። ምሥጢሩን ብቻ ፈልጎ ያነበበ ሰው መጽሐፉን ከጨረሰ በኋላ ማንንም ለመጥራት ምክንያት አይኖረውም፤ እነዚያ ግን ከአዳምና ከኤሚ ጋር ገና ጉዳይ ነበራቸው።

እንግዲህ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መጥቶ ምን ላንብብ ቢለኝ፣ ይህን መጽሐፍ ሰጥቼ፣ ጠያቂው የሚጠይቀውንና ሳይጠይቅ የሚያልፈውን እየለየህ አንብብ እለዋለሁ፤ መጨረሻውን ቢጠይቀኝም ሳልደብቅ እነግረዋለሁ።