«የየት አገር ጐማ ነው?»

በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባችን፥ በቁጠባና በብድር ለገዛት አሮጌ መኪና አራት ጐማ ለመግዛት ሲነሣ አብረነው ወደ ገበያ ወጣን። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አቀረበልን፤ አንደኛው ስሙ የገነነ የአውሮፓ ጐማ ሲሆን፥ ሁለተኛው ዋጋው ዝቅ ያለው «ዌስትሌክ» የሚባለው ነው። ባልደረባችን ወደ ርካሹ እያመለከተ «የየት አገር ሥራ ነው?» ሲል ጠየቀ። እኛም ብንሆን ከዚህ የተለየ ጥያቄ አልነበረንም። ጥያቄው ክፉ ባይሆንም ብቻውን ከቶ የማይበቃ መሆኑን ለማሳየት ይህችን ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን አቀረብን።

ስሙ እንግሊዝኛ ቢሆንም ጐማው የቻይና ነው። የሚሠራው «ዦንግሴ» የተባለ ኩባንያ ሲሆን፥ የተቋቋመውም በ1958 ሃንግዡ በምትባል ከተማ ነው (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። «ዌስትሌክ» ማለት «የምዕራብ ሐይቅ» ማለት ነው፤ ሐይቁም የዚያችው ከተማ መመኪያ ነው። ኩባንያው በታይላንድም ፋብሪካ ስላለው፥ አንድ ስም የያዙ ሁለት ጐማዎች ከሁለት አገር ሊመጡ ይችላሉ።

ታዲያ የቻይና ስለሆነ እንናቀው? በ2007 አንድ የአሜሪካ አስመጪ ከዚሁ ኩባንያ የገዛቸውን የቀላል ጭነት መኪና ጐማዎች ከገበያ እንዲሰበሰቡ አድርጓል። ምክንያቱም በብረት ቀበቶዎቹ መካከል ገብቶ እንዳይላቀቁ የሚያደርገው ቀጭን ላስቲክ ጐድሏል የሚል ነበር፤ ፋብሪካው ግን ክሱን አልተቀበለም። «እንግዲያው የቻይናን እንተው» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት በ2000፥ ስሙ ዓለምን የሞላው ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ያህል ጐማዎችን ከአሜሪካ መንገድ ሰብስቧል። ሽፋናቸው በጉዞ ላይ እየተገነጠለ ብዙ ሰው አልቆባቸው ነበር። ከነዚህም ብዙ ወቀሳ የደረሰባቸው እዚያው አሜሪካ፥ በኢሊኖይ ግዛት ዲኬተር ከተማ የተሠሩት ናቸው። ስሙ የገነነ፥ አገሩም የሠለጠነ ነበር፤ ሁለቱም አላዳኑም።

ይህን ስንል ርካሹና ውዱ ሁሉ እኩል ነው ማለታችን አይደለም። ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ፥ ፍሬን በተያዘበት ሰዓት ነው። አውሮፓውያን እያንዳንዱ ጐማ በእርጥብ መንገድ ላይ ያለው አያያዝ ተመዝኖ፥ ውጤቱ ከ«ኤ» እስከ «ኢ» ባለው ደረጃ ለገዢው እንዲታይ በሕግ ያስገደዱት ስለዚህ ነው።

የሆነ ሆኖ ጐማ ታሪኩን በጐኑ ጽፎ የሚዞር ዕቃ ነው። ከመጠኑ ቀጥሎ «88 ኤች» የሚል ቢገኝበት፥ አንዱ ጐማ 560 ኪሎ እንደሚሸከምና በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር እንደተፈቀደለት ያስረዳል። «ዶት» ከሚሉት ሦስት የላቲን ፊደሎች ቀጥሎ ያለው ምልክት ፋብሪካውን ሲገልጽ፥ በመጨረሻ ያሉት አራት ቍጥሮች ደግሞ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ።

በስመ ጥሩው ጐማ ላይ ያገኘነው «1116» የሚል ነበር። ባለሱቁ «የ16 ነው፤ ገና ትኩስ ነው» አለን። ባልደረባችንም በእኛ አቈጣጠር 2016 መስሎት ደስ አለው። ነገሩ ግን በ2016 እንደ አውሮፓውያን፥ በ11ኛው ሳምንት፥ ማለት በእኛ መጋቢት 2008 ዓ.ም. ነበር። ስምንት ዓመት ያህል በአንድ ቃል ተሰወረ! ላስቲክ ደግሞ በመጋዘን ቢቀመጥም ሙቀትና አየር ያስረጁታል፤ ጥርሱ ሳያልቅ ውስጡ ይደርቃል። ብዙ ፋብሪካዎች ዐሥር ዓመት ያለፈው ጐማ፥ መልኩ ቢያምርም፥ ይውለቅ የሚሉት ስለዚህ ነው። ባለሱቁ አውቆ ያታለለን አይመስለንም፤ እርሱም እንደ እኛ አላነበበም።

አስመጪዎች የተሠራበትን ወርና ዓመት በአማርኛ፥ በእኛ አቈጣጠር ጽፈው ቢለጥፉበት ወጪው ከአንዲት ቍራጭ ወረቀት አይበልጥም። እስከዚያው ግን ሥራው የገዢው ነው። በመሥሪያ ቤት የደብዳቤውን ቍጥርና ቀን ሳያይ የማይፈርም ወጣት፥ ልጆቹን የሚጭንበትን ጐማ ቍጥርና ቀን ሳያይ ገንዘቡን ቈጥሮ መስጠት የለበትም።

ባልደረባችን በመጨረሻ ርካሹን ገዛ፤ የገዛው ግን አራቱንም አንድ ባንድ አገላብጦ፥ ዓመታቸውን አንብቦ ነው።