«በ30 ቀን ስፓኒሽ»፦ ግማሽ እውነት ሲሸጥ

አንድ ሺህ ቃል፣ ሠላሳ ቀን፣ በቀን ሃያ ደቂቃ፤ ከዚያ በኋላ ስፓኒሽ እንደ ውኃ ይፈስልሃል። ሽያጩ ሲጠቃለል ይኸው ነው። ዩቲዩብ ላይ ይሸጣል፣ በስልክ አፕሊኬሽን ይሸጣል፣ በፒዲኤፍ ይሸጣል። ገዢም አላጣም።

ገዢ ያገኘው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። የቋንቋ ተመራማሪው ማርክ ዴቪስ ስፓኒሽን ቆጥሮ እንዳሳየው፣ በብዛት የሚደጋገሙት 1000 ቃላት ከአፍ ንግግር 88 በመቶ ገደማ ይሸፍናሉ። በጽሑፍ ሲሆን ቁጥሩ ወደ 80 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። ስለዚህ ከሚደጋገሙት ቃላት መጀመር ትክክል ነው፤ «ጉማሬ»ን ከ«ውኃ» አስቀድሞ የሚያጠና የለም።

ማጭበርበሩ የሚጀምረው 88 በመቶ ቃል ማወቅ 88 በመቶ መረዳት ተደርጎ ሲቀርብ ነው። ከመቶ 12 ቃል የጎደለው ሰው በየስምንት ቃሉ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የሚጎድሉት ደግሞ «እና»፣ «ግን»፣ «ወደ» አይደሉም። «ትናንት ማታ ___ ከበላሁ በኋላ ___ ጀመረኝ፤ አሁንም ___ ያመኛል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይመልከቱ። የተደጋገሙት ቃላት በሙሉ አሉ፤ ወሬው ግን የለም። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ ከእንግሊዝኛ ልቦለድ ቃላት 80 በመቶውን ብቻ ከሚያውቁት አንባቢዎች አንድም ታሪኩን በበቂ ሁኔታ የተረዳ አልተገኘም።

ዝርዝሩ የሚደብቀው ሌላም ነገር አለ። አንድ ቃል ይበልጥ በተደጋገመ ቁጥር ትርጉሙ ይበዛል። ስፓኒሽ «ፉይ» ሲል «ነበርኩ» ማለት ነው፣ «ሄድኩ»ም ማለት ነው። «ኤቻር» መወርወር ነው ብሎ ያጠና ሰው «ኤቻር ዴ ሜኖስ» መናፈቅ መሆኑን ከየት ያምጣው? አውቶቡስ ኩባ ላይ «ጓጓ» ነው፤ ቺሊ ላይ «ጓጓ» ሕፃን ልጅ ነው። አማርኛም ያው ነው። «በላ» ማለት ምግብ መመገብ ነው ብሎ በካርድ ያጠና ፈረንጅ፣ «ሰውየው ብሬን በላኝ» ሲባል ምን ሊያስብ ነው?

ሰዓቱም ይቆጠር። በቀን ሃያ ደቂቃ ለሠላሳ ቀን ማለት አሥር ሰዓት ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የዲፕሎማት ማሠልጠኛ ስፓኒሽን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቀላል ከሚላቸው ቋንቋዎች መድቦ እንኳ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ይሰጠዋል። እርግጥ ከዲፕሎማት የሚጠበቀው ከተራ ጨዋታ ይበልጣል። ሩቡ ቢወሰድ 150 ሰዓት ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ከሳልቫዶራውያን ጋር የሚሠራ ሐበሻ በዚህ ብዙም አይጎዳም። የትኩስ ድስት ማስጠንቀቂያ የሆነውን «ካልየንቴ!» ከማንም ዝርዝር በፊት ይለምደዋል፤ ሲሳሳት ይስቁበታል፣ ደግመው ይነግሩታል። ዝርዝሩ «ቱ» በል ሲለው፣ ሳልቫዶሩ ባልደረባው «ቮስ» እያለ ያርመዋል። እዚህ ጋ አንድ ሺህ ቃል ጥሩ ስንቅ ነው።

ሆስፒታል ግን ጓዳ አይደለም። በ1980 (እ.ኤ.አ.) ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ከኩባ የመጡት ቤተሰቦቹ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ፤ የበላው ወይም የጠጣው ነገር አሞታል ማለታቸው ነበር። ቃሉ ለእንግሊዝኛ ጆሮ የሚታወቅ መሰለ፤ ሐኪሞቹ ከመጠን ያለፈ ዕፅ እንደወሰደ ቆጠሩት። ባለሙያ አስተርጓሚ አልነበረም። አንጎሉ ውስጥ ይፈስ የነበረው ደም ሳይታወቅ ጊዜው አለፈ፤ ወጣቱ እጅ እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ። ክሱ ያበቃው በዕድሜ ዘመኑ እስከ 71 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ በሚችል የካሳ ስምምነት ነው።

ስፓኒሽ ጭራሽ የማያውቅ ነርስ አስተርጓሚ ይጠራል። አንድ ሺህ ቃል ያጠናና «ተግባብቻለሁ» ብሎ የሚያምን ነርስ ግን አይጠራም። የሠላሳ ቀኑ ሽያጭ ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ ለበጀት የሚሳሳ አስተዳዳሪም ሠራተኛውን አጭር ኮርስ አስተምሮ የአስተርጓሚን ክፍያ ለመቆጠብ ሰበብ ያገኛል። የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው የቋንቋ እገዛ እንዲሰጥ ግዴታ የሚጥለው ለጌጥ አይደለም።

ነገሩ ሐበሻንም ይነካል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከስፓኒሽ ጋር አማርኛም ተካቷል። አንዲት እናት ሐኪም ፊት ቀርበው «ብርድ መታኝ» ቢሉ፣ «መታ»ን ከዝርዝር ያጠናው ነርስ የሚጽፈው «ማን መታዎት?» ብሎ ነው። እሳቸው «ብርድ» ይላሉ፤ እሱ ደግሞ የሰው ስም መስሎት ይመዘግባል።