ለችግኝ መብራት ከመግዛታችን በፊት

በሚቀጥለው ስብሰባ ለውሳኔ ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ፣ ለጓሮ አትክልታችን ከተዋጣው ገንዘብ ላይ የችግኝ ማሳደጊያ መብራትና መደርደሪያ ይገዛ የሚለው ነው። ሐሳቡ በቅንነት የቀረበ ለመሆኑ አልጠራጠርም። እኔ ግን በበኩሌ አልስማማበትም። ምክንያቱም ከምንፈልገው ችግኝ አብዛኛው እዚሁ ሚኒያፖሊስ፣ በረዶው ላይ፣ ያለ አንድ አምፖል ሊበቅል ይችላል።

«በጥር ብርድ ዘር?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ቀላል ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ባዶ የወተት ጋሎን ከመያዣው በታች ዙሪያውን ይቆረጥና በአንድ በኩል እንደ ማጠፊያ ይተዋል። ሥሩ በጋለ ሚስማር ይበሳል። ግማሽ ስንዝር ያህል የችግኝ አፈር ይገባበትና ውሃ እስኪጠግብ ይርከፈከፍበታል። ዘሩ ከተዘራ በኋላ ቁርጡ በፕላስተር ይታሸጋል፤ የአፉ ክዳን ግን ወልቆ ይቀራል፤ በረዶውና ዝናቡ የሚገባው፣ ሙቀቱም የሚወጣው በዚያ ነውና። ከዚያ ደጅ ማስቀመጥ ነው፣ አለቀ። (የዘሩን ስም በፕላስቲክ ቁራጭ ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ ውስጡ ሰኩት፤ የእስክሪብቶ ቀለም ፀሐይ ያጠፋዋል።)

ታዲያ ዘሩ በብርድ አይሞትም ወይ? ውርጭ የሚጎዳው የበቀለውን ነው እንጂ ያልነቃው ዘር ተኝቶ ይከርማል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፀሐይዋ ስትጠነክር በራሱ ጊዜ ይነሣል። እንዲያውም ከዚህ አገር የሜዳ አበቦች ብዙዎቹ፣ ሞናርክ የሚባለው ቢራቢሮ እንቁላሉን የሚጥልበት ተክል ጭምር፣ ሳምንታት በእርጥብ ብርድ ካላለፉ በደንብ አይበቅሉም።

መስኮት ሥር የሚያድገውን ችግኝ ሁላችንም እናውቀዋለን። በጥር የቀኑ ብርሃን 9 ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ እንደ ክር ቀጥኖ ይረዝማል። መብራቱ ይህን ያስቀራል፣ እውነት ነው። ነገር ግን መብራት ሥር ያደገውንም ቢሆን ሳምንት ያህል ትንሽ በትንሽ ከውጪው አየር ጋር ማለማመድ የግድ ነው። ይህን ማን ይሠራዋል? የምድር ቤቱ ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ነው፤ ደረጃውን መውረድ የማይችሉ እናቶችም አሉን። አትክልቱን የሚያውቁት ደግሞ እነሱ ናቸው እኮ!

ሁሉም ዘር ለዚህ ይሆናል አልልም። ጎመን፣ ሰላጣ፣ ሽንኩርት፣ ድንብላል ብርዱን ይችላሉ። (የአገራችን ጎመን ዘር እዚህም ከአንዳንድ ዘር ሻጮች ይገኛል፤ ያለ ፈቃድ ወረቀት በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው።) ቃሪያ፣ ሚጥሚጣና በሶብላ ግን ሙቀት ይወዳሉ፤ ቤት ውስጥ ተጀምረው ግንቦት ልደታ ካለፈ ሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ መደብ ላይ ይውጡ። ለእነሱ አንድ ትንሽ መብራት ይበቃል፤ መደርደሪያ ሙሉ ለምን? ጋሎኑም ቢሆን ጨርሶ ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ቡቃያው ብቅ ሲል ፀሐይ በበዛበት ቀን መክፈት፣ ማታ መክደን፣ አፈሩ ሲደርቅ ማጠጣት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ገንዘቡ ለአፈርና ለዘር ይዋል፤ በምሥራቅ በኩል ያለው የአጥር ሥርም ለጋሎኖቹ ይፈቀድ። ቆሻሻ መስለው እንዳይጣሉ ለጽዳት ሠራተኛው አስቀድሞ ይነገረው። ወተት የምትገዙ ሁሉ ባዶውን አጥባችሁ መግቢያው በር አጠገብ ካለው ካርቶን ውስጥ ጨምሩልን። የገና ጾም ላይ ያላችሁም ከበዓሉ በኋላ ትደርሳላችሁ፤ እስከ የካቲት መጨረሻ መዝራት ይቻላል።